ምዕራፍ ሰባት፦ ምጥን

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲያባራ ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። እንዲህ ባለ አንድ ቀን ቤተኛ ከሆንኩበት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ጭቃ ስለነበር እንግዳው ሁሉ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ነበር የገባው። የቤቱን እመቤት እትዬ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን እዚህ አላነሣም። ሲኒ የሚያድለው የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ነው፤ የመጨረሻቸው። ማን ስኳር እንደሚያበዛ፣ ማን እንደ እኔ በጨው እንደሚጠጣ፣ ማን ባዶውን እንደሚወድ ያውቃል። ጎረቤቱን ሁሉ በዚህ ለይቶ ይዞታል፤ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። ለመራመድም ለመናገርም ከእኩዮቹ ዘግይቷል፤ አሁንም ቃል ይከብደዋል። የዓይኖቹ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ መዳፉን ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ ወጥ መስመር ይታያል። ዳውን ሲንድረም አለበት።

እትዬ ፍሙን እያራገቡ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«በእኔ ዘር የለም። በአባቱም ዘር የለም፤ ሰባት ቤት አስቆጥሬያለሁ። አንተ ስለ ዘር መጽሐፍ እጽፋለሁ ትላለህ። እስቲ ንገረኝ፣ ይኼ ከየት መጣ?»

ይህ ምዕራፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። በዕለቱ የመለስኩላቸው ከዚህ በጣም ያጠረና የተምታታ ነበር።

ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነው

ምዕራፍ 4ን ያነበበ ሰው የእትዬ ጥያቄ ለምን እንደሚከብድ ይገባዋል። እዚያ ስለ ሲክል ሴል ስናወራ በሽታው የሚመነጨው ከአንዲት ፊደል ስሕተት መሆኑን አይተናል። ስሕተቷን እናትና አባት ሳያውቋት ተሸክመዋት ይኖራሉ፤ ከሁለቱም የወረሰ ልጅ ይታመማል። እንዲህ ያለው ነገር ሰባት ቤት ሲቆጠርለት ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ብቅ ይላል። የዚህን ልጅ ዲኤንኤ ግን ፊደል በፊደል ብናነበው ለሁኔታው ተጠያቂ የሚሆን የተሳሳተ ቃል አናገኝም። ጽሕፈቱ ትክክል ነው፤ የበዛው ቅጂው ነው።

በምዕራፍ 2 የሕዋስን አስኳል ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጋር አመሳስለነው ነበር። መደርደሪያው ላይ 46 ጥራዝ አለ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። ጥራዞቹ ክሮሞሶም ይባላሉ፤ በውስጣቸው የተጻፉት የአሠራር መመሪያዎች ደግሞ ጂኖች ናቸው። ያኔ ሳልናገረው ያለፍኩት ነገር አለ። ሕዋስ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን አስቀምጦ ሌላውን አያነብም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ከፍቶ፣ ከሁለቱም እያነበበ ይሠራል። ሁለት ወጥ ሠሪዎች በአንድ ድስት ላይ ቆመው፣ በእጃቸው ባለው መመሪያ መሠረት እያንዳንዳቸው አንድ ማንኪያ ኮረሪማ ይጨምራሉ እንበል። ድስቱ የለመደው ሁለት ማንኪያ ነው። ሦስተኛ ሴት ያንኑ መመሪያ ይዛ ብትመጣ፣ መመሪያው ላይ አንድም ስሕተት ሳይኖር፣ እሷም አንዳች ሳታጠፋ፣ ኮረሪማው ሦስት ማንኪያ ይሆናል።

እናቶቻችን ሽሮና በርበሬ ሲያሰናዱ «መመጠን» ይላሉ። ምጥን ሽሮን ምጥን ያሰኘው የቅመሙ ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ሽሮ ይበላ ነበር። ቅመሙ አንዱ ከሌላው ጋር ያለው ልክ ነው ቤትን ከቤት የሚለየው። ስለ ክሮሞሶም ሳስብ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው 21ኛው ክሮሞሶሙ በሁለት ፈንታ ሦስት ነው። በዚያ ክሮሞሶም ላይ ያሉት ከ200 የሚበልጡ ጂኖች በአመዛኙ የአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያመርታሉ። የሰው ልጅ ጂኖች በጠቅላላ ወደ 20,000 ስለሚጠጉ፣ ከምጥኑ የወጣው አንድ በመቶ ገደማው ነው፤ የቀረው እንደ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ የወጡ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ያንሳል። ኮረሪማ ሲበዛ የበላ ሁሉ «ኮረሪማ በዝቷል» ይላል። በሰውነት ውስጥ ግን የበዛው ነገር ከሌላ ነገር ጋር ይያያዛል፤ ያኛውም ሌላውን ይነካል። ስለዚህ ሦስተኛው ክሮሞሶም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ልጆቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንዱ ልቡ ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፣ ሌላው ልቡ ደህና ነው። አንዷ ማንበብና መጻፍ ትችላለች፣ ሌላዋ በጥቂት ቃላት ትኖራለች። ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል የሚታየው የጡንቻ መላላትና በተለያየ ደረጃ ያለ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነው።

44 ክሮሞሶም ያለው ቡና

«አንዲት ትንሽ ክሮሞሶም ብትጨመር ይህን ያህል ለውጥ?» ብሎ የሚጠራጠር አንባቢ አይፈረድበትም። ጥርጣሬውን የሚያጠናክርለት ማስረጃም እዚያው ጀበናው ውስጥ አለ።

በዓለም ላይ ከመቶ በላይ የቡና ዝርያዎች አሉ፤ ክሮሞሶማቸው 22 ነው። የእኛው፣ አረቢካ የሚባለው፣ 44 አለው። ከረጅም ዘመን በፊት ሁለት የተለያዩ የዱር ቡናዎች ተዳቀሉ። አንደኛው ዛሬ ሮቡስታ የምንለው ነው፤ ሁለተኛው ዩጂኒዮይደስ የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ጫካ ቡና ነው። ልጃቸው የሁለቱንም ሙሉ ስብስብ ጠቅልሎ ወሰደና 22 እና 22፣ 44 ሆነ። በ2024 የታተመ አንድ የዘረ መል ጥናት ይህ የሆነው ከዛሬ 600,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ብሎ ገምቷል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጎማ፣ የጌራ፣ የሊሙና የማና ቡና፣ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰብስቦ የያዛቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎች ጭምር፣ የዚያ ዲቃላ ልጆች ናቸው።

ቡና 22 ተጨማሪ ክሮሞሶም ተሸክሞ እንዲህ ካማረበት፣ ሰው አንዲት ብትጨመርበት ለምን ይለወጣል?

መልሱን ሠርግ ቤት ገብተን እንይ። ለመቶ ሰው በታሰበ ድግስ ላይ ሁለት መቶ ሰው እንደሚመጣ ቀድማ የሰማች ወጥ ሠሪ ሽንኩርቱንም፣ በርበሬውንም፣ ቅቤውንም፣ ጨውንም እኩል እጥፍ ታደርጋለች። ድስቱ ይተልቃል፤ ጣዕሙ ያው ነው። ቡናው ያደረገው ይህን ነው፤ ሁሉን በአንድ ላይ ስላጠፈ ምጥኑ አልተናጋም። ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትታ ጨውን ብቻ ብትጨምር ግን መጀመሪያ የቀመሰው እንግዳ ያውቅባታል። ለሰውነትም ከብዛት ይልቅ የሚከብደው መበላለጥ ነው። (እውነቱን ለመናገር እኛ እንደ ዕፅዋት ቻዮች አይደለንም። በሰው ላይ ሙሉው የ23 ስብስብ አንድ ጊዜ ቢታከልም ፅንሱ አይጸናም።)

ዕፅዋትም ቢሆኑ ዋጋ የሚከፍሉበት ቦታ አለ። ከገበያ የምንገዛው ሙዝ ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም ሦስት ሦስት ይዞ 33 ነው። ተክሉ ደህና ያድጋል፣ ፍሬውም ይጣፍጣል፤ ዘር ግን የለውም። ሦስት ነገር ለሁለት እኩል ስለማይካፈል ዘር ሊሠራ ሲነሣ ሥራው ይበላሽበታል። የበቅሎም ነገር ተመሳሳይ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ ከአንዱ 32 ከሌላው 31 ወስዳ 63 ትሆናለች። አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። አባቷን ብትደብቅም ክሮሞሶሟ ያጋልጣታል፤ ጥንድ ጥንዱ ስለማይገጥምላት አትወልድም። የሰውም ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ከመካፈል ነው።

ደጃፍ ላይ የወለቁ ጫማዎች

ለእትዬ የነገርኳቸው በጫማ ነበር። ደጃፉ ላይ 23 ጥንድ ጫማ ተደርድሯል እንበል። ትልቁ ቡት 1ኛ ነው፤ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ትንሿ የሕፃን ጫማ 21ኛ ላይ ትገኛለች። (22ኛዋስ? ቁጥሩ ሲሰጥ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተብሎ ነበር። በኋላ በደንብ ሲለካ 21ኛው ከ22ኛው አንሶ ተገኘ። ስሙ በዓለም ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ስለሆነ ማንም ሊለውጠው አልሞከረም። 23ኛው ጥንድ ጾታን የሚወስነው ነው፤ እሱ ከተራው ውጭ ነው።)

እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጫማ ብቻ ይነሣል። ከአንዱ ወገን 23 ነጠላ፣ ከሌላው ወገን 23 ነጠላ ይመጣና ሲገናኙ እንደገና 23 ጥንድ ይሞላል። ሥራው እንዳይዛባ ጥንዶቹ መጀመሪያ ተጠጋግተው ይታሰራሉ፤ ከዚያ እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች ከግራና ከቀኝ ይጎትቷቸዋል። አንዳንዴ የአንዱ ጥንድ ማሰሪያ ሳይፈታ ይቀርና ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይጎተታሉ። አንዳንዴ ደግሞ ማሰሪያው ጊዜው ሳይደርስ ይላላና ጫማዎቹ እንደ ነገሩ ይንከባለላሉ። በሁለቱም መንገድ 21ኛውን ሁለት የያዘ እንቁላል ሊወጣ ይችላል፤ የአባት አንድ ሲታከልበት ሦስት ይሆናል። ይህን «አለመለያየት» እንበለው። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ የመጡት በዚህ መንገድ ነው፤ ከእነሱም ከአሥሩ በዘጠኙ አለመለያየቱ የደረሰው እንቁላሉ ላይ ነው።

ለምን እንቁላሉ ላይ? ወንድ ልጅ ዘሩን ከጉርምስና ጀምሮ በየዕለቱ አዲስ ይሠራል። ሴት ልጅ ግን እንቁላሎቿ የሚጀመሩት እሷ ራሷ በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው። ጥንዶቹ ያኔ ይታሰሩና ሥራው በዚያው ይቆማል፤ የሚቀጥለው እንቁላሉ ለመውጣት ተራው ሲደርሰው ነው፣ ከ15 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እትዬ ይህን ልጅ የወለዱት በ38 ዓመታቸው ነው። እሱን ያስገኘችው እንቁላል የአያቱ ሆድ ውስጥ ተጀምራ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ማሰሪያዋን ይዛ ቆይታለች። ቆጥ ላይ አርባ ዓመት የተቀመጠ የቃጫ ገመድ ወርዶ ሸክም ሲታሰርበት አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ ክሩ ይተረተራል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይከተላል። በ25 ዓመቷ የምትወልድ እናት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ1,200 አንድ ገደማ ነው። በ35 ከ350 አንድ፣ በ40 ከ100 አንድ፣ በ45 ከ30 አንድ ገደማ ይደርሳል። ይሁንና ብዙውን ልጅ የሚወልዱት ወጣት ሴቶች ስለሆኑ፣ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች የሚበዙት የወጣት እናቶች ልጆች ናቸው። «አሮጊት ስለወለደችው ነው» የሚለው የሰፈር ፍርድ ሒሳቡን አያውቅም።

ሌላውም ፍርድ እንዲሁ። ዓይን ነው፣ እርግማን ነው፣ በእርግዝናዋ መድኃኒት ውጣ ነው፣ ሸክም አንሥታ ነው፣ ከባሏ ተጣልታ ስታለቅስ ከርማ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የጊዜውን ቅደም ተከተል ብቻ እንመልከት። ጫማው የተያያዘው ፅንሱ ከመፈጠሩ በፊት ነው። በእርግዝና ወራት የሆነ ነገር ሁሉ የመጣው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው።

የእትዬ የሰባት ቤት ቆጠራ ትርጉም የሚኖረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ከመቶው በሦስቱ ወይም በአራቱ ሦስተኛው 21 ነጻ ሆኖ አይገኝም፤ ሌላ ክሮሞሶም ላይ፣ ብዙ ጊዜ 14ኛው ላይ፣ ተሰፍቶ ይገኛል። እንዲህ የተሰፋ ክሮሞሶም ያለው ወላጅ ቁጥሩ 45 ይሆናል፤ ምጥኑ ሙሉ ስለሆነ ግን ራሱ ምንም አይታይበትም፣ ለልጁ ሲያካፍል ነው የሚያሳስተው። ይኼኛው በቤተሰብ ሊወርድ ይችላል። ለይቶ የሚያውቀው የክሮሞሶም ምርመራ ብቻ ነው፤ ምርመራው ደግሞ በየከተማው አይገኝም። የቀሩት አንድ ወይም ሁለት በመቶዎች ከፊል ሕዋሳቸው 46፣ ከፊሉ 47 የሆነባቸው ናቸው።

ልኩን የሳተ የጨው ውሃ

ጫማ መቁጠር ቀላል ነው። ክሮሞሶም ግን ሕዋሱ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ክር ተደራርቦ ነው የሚታየው። በ1923 ቴዎፍሎስ ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ የሰውን 48 ብሎ ቆጠረ፤ ከዚያ ወዲያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዓለም ሁሉ 48 አየ። ይህ ለእኔ ከሳይንስ ታሪክ አስቂኝ ገጾች አንዱ ነው፤ አጉሊ መነጽር ላይ ዓይኑን የደቀነ ሁሉ መምህሩ የነገረውን ቁጥር እስኪያገኝ ይቆጥር ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከምጥን ስሕተት ነው። በ1952 ቴክሳስ ውስጥ ቲ. ሲ. ሱ የተባለ ተመራማሪ ሕዋሳቱን የሚያጥብበት የጨው ውሃ በስሕተት ቀጥኖ ቀረበለት። ሕዋሳቱ ውሃውን ጠጥተው አበጡ፤ ክሮሞሶሞቹም ተለያይተው፣ እንደ ተሰጣ ቡና ተበትነው ታዩ። ይህን ዘዴ ይዞ በ1955 መጨረሻ ስዊድን፣ ሉንድ ከተማ ውስጥ በትክክል የቆጠረው ጆ ሂን ትጂዮ ነው። ትጂዮ በቡናዋ በምትታወቀው በጃቫ ደሴት የተወለደ፣ በግብርና የሠለጠነ፣ ከሰው በፊት የዕፅዋትን ክሮሞሶም ሲቆጥር የኖረ ሰው ነበር። ከአልበርት ሌቫን ጋር በ1956 ያሳተሙት ቁጥር 46 ነው።

ትክክለኛው ቁጥር ከታወቀ በኋላ የበዛውን ማየት ተቻለ። ፓሪስ ውስጥ ማርት ጎትየ የተባለች ወጣት ሐኪም፣ አሜሪካ ሄዳ የተማረችውን የሕዋስ ማሳደግ ሙያ ይዛ፣ ባዶ ሊባል በሚችል ላቦራቶሪ ሥራ ጀመረች። ዕቃውን በብድር ገዛች፤ ለሕዋሳቱ ምግብ የሚሆነውን ከራሷ ደምና ለዚሁ ብላ ካረባችው አውራ ዶሮ ትቀዳ ነበር። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ሕዋስ ላይ 47 አየች። ፎቶ የሚያነሣ መነጽር ስላልነበራት ናሙናዎቹን ባልደረባዋ ጄሮም ለዠን ወሰዳቸው። በጥር 1959 ጽሑፉ ሲወጣ መጀመሪያ የተጻፈው የለዠን ስም ነበር። የእሷ ሁለተኛ ሆኖ፣ ያውም ተሳስቶ ተጽፎ ወጣ። ሦስተኛው ሬይሞን ቱርፓን፣ የሁለቱም አለቃ ነበሩ። ክብሩ ለማን ይገባል የሚለው ክርክር እሷ በ2022 እስክታርፍ አልተቋጨም፤ ከዚያም ወዲህ አልተቋጨም።

ስሙ የተወሰደበት ሰው ከዚያ ሁሉ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 ሁኔታውን በጽሑፍ ገለጠ። ዓይናቸውን አይቶ በአንድ የእስያ ሕዝብ ስም ጠራቸው፤ ስያሜው መቶ ዓመት ያህል ሲሠራበት ቆይቶ በሞንጎሊያ ጥያቄ በ1965 የዓለም ጤና ድርጅት አስወገደው። በእኛም ቋንቋ እስከ ቅርብ ጊዜ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳይቀር «ዘገምተኛ» ይባል ነበር።

የማይወለዱትና የሚዘጋው ጀበና

አለመለያየት 21ኛውን መርጦ የሚመጣ አይደለም። ማንኛውም ጥንድ ሊያያዝ ይችላል። ታዲያ ለምን 1ኛው ወይም 3ኛው ሦስት የሆነበት ሰው አናይም? ስለማይወለዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨነግፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞሶም ቁጥራቸው የተዛባ ነው፤ ሦስት ከመሆን ዓይነቶች ውስጥ በጣም የሚደጋገመው የ16ኛው ነው። ትልልቆቹ ክሮሞሶሞች ላይ ያሉት ጂኖች ብዙ ናቸው፤ ምጥኑ ከልክ በላይ ይዛባል። ሦስት ሆነው እስከ መወለድ የሚያደርሱት በጂን ድሃ የሆኑት 13ኛው፣ 18ኛውና 21ኛው ናቸው። የ13ኛው ፓታው፣ የ18ኛው ኤድዋርድስ ሲንድረም ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ያልፋሉ። መጉደልም እንደ መብዛት ምጥን ያዛባል። ከ5ኛው ክሮሞሶም ጫፍ ተቆርጦ ሲቀር ሕፃኑ ሲያለቅስ የድመት ድምፅ ይመስላል፤ ይህንንም በ1963 የገለጠው ለዠን ነው።

አንድ ክሮሞሶም ግን ደንቡን የሚያፈርስ ይመስላል። ኤክስ የሚባለው የጾታ ክሮሞሶም ትልቅ ነው፣ ብዙ ጂን አለበት። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ትንሽ ዋይ። ምጥን እንዲህ ወሳኝ ከሆነ ሴትና ወንድ እንዴት ሁለቱም ደህና ሆኑ? እንግሊዛዊቷ ሜሪ ላየን በ1961 መልሱን አቀረበች። በሴት ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ይዘጋል። ቤት ውስጥ ሁለት ጀበና ቢኖርም እሳት ላይ የሚጣደው አንዱ ነው። የትኛው እንደሚዘጋ በየሕዋሱ በዕጣ ስለሚወሰን፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም የተቀላቀለባት ድመት ብታዩ ሴት ናት ብላችሁ ብትወራረዱ አትከስሩም፤ አንዱ ኤክስ ጥቁሩን፣ ሌላው ብርቱካንማውን ይዟል።

ስለዚህ የኤክስ መብዛትና መጉደል ይቻላል። ከ2,000 እስከ 2,500 ሴቶች አንዷ አንድ ኤክስ ብቻ ይዛ ትወለዳለች፤ ተርነር ሲንድረም ይባላል። ቁመቷ ያጥራል፣ የወር አበባዋ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ አእምሮዋ ግን ደህና ነው። ከ600 ወንዶች አንዱ ገደማ ደግሞ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ይዞ ይወለዳል፤ ክላይንፌልተር ሲንድረም ነው። ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁት ያረጃሉ። የሚያውቁት አግብተው ልጅ ሲታጣ ነው፣ ያውም ከተመረመሩ። በአገራችን ልጅ ሲታጣ መካን የምትባለው ሴቲቱ ናት፤ ሁለተኛ ሚስት የሚያገባው ሰው የራሱን 47 ይዞ ወደ አዲሱ ጎጆ ይገባል።

ያው ክሮሞሶም፣ ሌላ ዕድሜ

በ1983 አሜሪካ ውስጥ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው በአማካይ የሚኖረው 25 ዓመት ነበር። ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። በእነዚህ አርባ ዓመታት 21ኛው ክሮሞሶም ከሦስት ወደ ሁለት አልወረደም። ከተለወጡት ነገሮች ዋነኛው የልብ ቀዶ ጥገና ነው። ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ልባቸው ላይ ክፍተት ይዘው ይወለዳሉ። በክፍተቱ በኩል ደም ወደ ሳንባ ይጎርፋል፤ ጊዜው ካለፈ የሳንባ ሥሮች ይደነድኑና ቀዶ ጥገናም አይረዳም። ከባዱ ዓይነት ክፍተት ቢጠገን የሚመረጠው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ትንፋሹ የሚፈጥን፣ ኪሎ የማይጨምር ሕፃን ስለ ልቡ እየተናገረ ነው።

ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ ገነት የሚመጣ እንዲህ ያለ ሕፃን መጀመሪያ የሚላከው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ለቀዶ ጥገና ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ወዳለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ወደ መሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ይወስዳል። እዚያ ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ወራት የማይሰጥ ልብና ዓመታት የሚወስድ ተራ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የቀረው ከልብ ይልቅ ይቀላል። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሥራው ሊቀንስ ስለሚችል በየዓመቱ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ሕክምናው በየቀኑ የምትዋጥ ክኒን ናት። ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ የማይሰማ ልጅ ደግሞ «አይገባውም» ይባላል። ሰውነቱ ልፍስፍስ ስለሆነ ጡት መጥባት ይከብደዋል፤ በትዕግሥት ይለምደዋል። የሚሰሙትን የመረዳት ችሎታቸው ከሚናገሩት ብዙ ጊዜ ይቀድማል። ሲኒ የሚያድለው ልጅ የአሥራ አምስት ሰው ልማድ በቃሉ ይዞ የአንዱን ስም እንኳ አጥርቶ ላይጠራ ይችላል። በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው ብዙዎቹን የሚያገኛቸው የመርሳት በሽታ፣ አልዛይመር፣ ሳይቀር የምጥን ጉዳይ ነው፤ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን ዝቃጭ የሚያስገኘው ጂን ያለው 21ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የቀድሞው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባዔ አባዱላ ገመዳ የመሠረቱት ዲቦራ ፋውንዴሽን በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሠራል። ፍቅር የተባለው የአእምሮ እድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበርም አለ፤ ወላጆችን ያሰባስባል። ሰው ብዙ ጊዜ ዳውን ሲንድረምን ከኦቲዝም ጋር ያምታታዋል፤ ዘሚ የኑስ ያቋቋመችው ጆይ ማዕከል ኦቲዝምን ያሳወቀንን ያህል ይኼኛው ገና አልታወቀም። የተባበሩት መንግሥታት ከ2012 ጀምሮ ማርች 21ን የዳውን ሲንድረም ቀን ብሎ ያከብራል፤ 21ኛው ሦስት ነው ለማለት፣ በሦስተኛው ወር በ21ኛው ቀን። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 12 ላይ ስለሚውል የቁጥሩ ጨዋታ ይጠፋብናል።

በዚያን ቀን ለእትዬ ከዚህ ሁሉ የነገርኳቸው የጫማውን ብቻ ነው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ደጃፉን አሻግረው አዩና፦

«ታዲያ የተያያዘው በእኔ በኩል ነው በአባቱ?» አሉ።

መዋሸት አልፈለግኩም። «አብዛኛውን ጊዜ በእንቁላሉ በኩል ነው፣ እትዬ። የእርስዎ ሥራ ግን አይደለም። እርስዎ ራስዎ ሳይወለዱ የታሰረ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። ጀበናውን አዘንብለው በረካውን ቀዱ።

«ለእኔ ነግረኸኛል፤ ለአማቴ እንዳትነግራቸው።»

ልጁ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ጨው ነበረበት።